የአረንጓዴው ጅራፍ ቋጠሮ

ትንፋሽ የሚሏት መስመር ስታሰምር ስለማትተነፍስ ነው። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነበር፤ ግን ጋራዡ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ባሏ እንኳ «ትንፋሽ፣ ነይማ» ነው የሚላት። ሥራዋ ብስክሌት መቀባት ነበር። ያገኘችውን ሁሉ ሳይሆን የወንድሟን ብስክሌቶች ብቻ፤ የወንድሟ ቅጽል ስም የተጻፈባቸውን፣ ለእሽቅድምድም የሚሠሩትን። ቅጽል ስሙ ጅራፍ ነው። ብስክሌቱም ጅራፍ ይባላል። ሰውየውን ያላየ ሰው ስሙ ለብስክሌቱ የወጣ ይመስለዋል፤ ሰውየውን ያየ ግን አይሳሳትም።

የጅራፍ ብስክሌት መታወቂያው አንድ ነጭ መስመር ነው። ከመሪው ሥር ይነሳል፤ የላይኛውን ብረት ይዞ ይሄዳል፤ ኮርቻው ጋ ሲደርስ እየቀጠነ ይታጠፍና ወደ ኋላው ጎማ ይወርዳል። ይሄ ሁሉ በአንድ ብሩሽ፣ እጅ ሳይነሳ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው። ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ይነሳል፤ ደረቱ ሲነሳ ክንዱ ይነሳል፤ መስመሩም ያንኑ ያሳብቃል። ስለዚህ አየሯን ስባ ትይዛለች። ፊቷ ይቀላል፣ የአንገቷ ሥር ይገተራል፣ ጨርሳ ብሩሹን ስታነሳ ነው ፉ የምትለው። መስመሩ ከተበላሸ ጥገና የለም። ቀለሙ በሙሉ በማላቀቂያ ተልጦ ብረቱ ራቁቱን ይቀርና ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሕጉን ያወጣው ጅራፍ ነው። «የተጠጋገነ ጅራፍ ከዚህ በር አይወጣም» ይል ነበር። አንዱ ሠራተኛ አንዴ የተበላሸ መስመር በጥፍሩ ፍቆ ሊያስተካክል ሞከረ። ጅራፍ የሠራተኛውን ጣት ብረት መያዣው ሞርሳ ውስጥ ከተተና አጠበቀው። ጥፍሩ ጠቁሮ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሕጉን የዘነጋ የለም።

ይሄ እጅ ከአባታቸው የመጣ ነው። አባታቸው በዚያው ጋራዥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበሩ። ሥራ ላይ ዝም ያሉ፣ ደንበኛ የሚያከብሩ፣ ሲቆጡ ግን ሌላ ሰው። በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ በቁመቱ የተሰነጠቀ የውስጥ ጎማ ይንጠለጠል ነበር። ለሌላ ለምንም አይደለም፤ ልጃቸውን መግረፊያ ነው። ትንፋሽ ትንሽ ልጅ ሆና መኪና ሥር ገብታ ነው የምታየው። ከዚያ ሆና የሰው ፊት አይታያትም፤ የሚታያት የጎማው ጫፍ ብቻ ነው። ሲወጣ ቀጥ ይላል፤ ሲወርድ ይታጠፋል፤ ከዚያ የወንድሟ ጀርባ ላይ ጧ ይላል። ማታ እናታቸው ከቁስሉ ጋር የተጣበቀውን ሸሚዝ ለብ ባለ ውሃ እያራሱ ሲያላቅቁ እሷ ውሃ ያዥ ነበረች። ወንድሟ አያለቅስም። ጥርሱን ነክሶ ግድግዳውን ያያል።

አንድ ቀን ግን ወንድሟ ግድግዳውን ማየት ሰለቸው። አባቱ ጎማውን ሲያነሱ እጃቸውን ይዞ ነከሳቸው፤ ደም እስኪመጣ። ከዚያ አጥሩ ላይ ተደግፎ የቆመ የደንበኛ ብስክሌት ላይ ዘሎ ወጣና በረረ። አባትየው ቀለሙ ባልደረቀ መኪና ተከተሉት። ዳገቱ ላይ መኪናው አቃሰተ፣ ልጁ አላቃሰተም። ጎረቤት በር ላይ ወጥቶ አየና በሳቅ ሞተ። «ጅራፉ ነው እኮ ያስሮጠው» ተባለ፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ኋላ ታዋቂ ሲሆን ጋዜጠኞች ምስጢርህ ምንድን ነው ሲሉት፣ «ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ሁሉ አባቴን ይመስለኛል» ይላቸው ነበር። እነሱ ይስቃሉ። ትንፋሽ ይሄ ሲነገር ስቃ አታውቅም።

ጅራፍ ሲጋልብ አጠገቡ መሆን ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ክርኑን የጎን አጥንት ውስጥ ይሰካል። ኩርባ ላይ ሰውን ከመንገድ አስወጥቶ ጠጠር ላይ ይዘርረዋል። የጎማ መንፊያው ከብስክሌቱ ብረት ጋር በጠፍር ታስሮ ነው የሚሄደው፤ ጅራፍ ግን የእሱን መንፊያ አያጠብቀውም፣ በአንድ እጅ እንዲነቀል። ዳኛ ካላየ በእሱ ይማታል፤ ዳኛ ካየም «ትንኝ አባርሬ ነው» ይላል። ያገሩን ትልቁን ውድድር ደጋግሞ ወሰደ። አባታቸው ሲሞቱ ጋራዡን ብስክሌት መሥሪያ አደረገው። ሁሉን ነገር አውጥቶ ሲጥል ከምስማሩ ላይ ያለችውን ጎማ ብቻ አልነካም። እህቱን ጠርቶ ወደ ጎማዋ አመለከታት።

«ምልክታችን ይሄ ነው» አላት። «ሳዪው።»

«ምን ብዬ ነው ጅራፍ የምስለው፣ ጋሼ?»

«መኪና ሥር ሆነሽ ስታዪው አልነበር እንዴ? እንዳየሽው።»

እንዳየችው ሳለችው። ያ ነጭ መስመር እሱ ነው።

ባሏ በያጅ ነው። ቀድሞ የውሃ ቱቦ ሲበይድ የነበረ፣ ሰፊ እጅ ያለው፣ ነገር የማያልፈው ቀልደኛ ሰው። ጅራፍ ራሱ ነው ፈልጎ ያመጣው፤ ብረት ከብረት ጋር እንደ ሥጋ ያገጣጥማል ብለውት። በያጁ ሥራ ላይ ያፏጫል። እሳቱ ፉፉ ሲል እሱም ከእሳቱ ጋር ዜማ ይዞ ይሄዳል። ትንፋሽ ብሩሽ ስታነሳ ግን ፉጨቱን ያቆማል። ማንም አላዘዘውም። ሌላው ወንድ ሊያነጋግራት ሲፈልግ አጠገቧ መጥቶ ይለፈልፋል፤ እሱ ዝም ይልላታል። ብሩሹን አንስታ ፉ ስትል ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ተጋቡ። በሠርጋቸው ዕለት ጅራፍ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «አማች፣ እህቴን ካስለቀስክ እገድልሃለሁ» አለው። በያጁም «አንተ አጠገቧ እያለህ እኔ ምን ተራ ይደርሰኛል» አለ። ሰው ሳቀ። ጅራፍ አልሳቀም፤ ሲሳቅበት አይወድም።

አረንጓዴው ብስክሌት የተሠራው ለጅራፍ ለራሱ፣ ለመጨረሻው ትልቅ ውድድሩ ነው። ነገ ውድድር ነው፣ ዛሬ መስመሩ ቀርቷል። ትንፋሽ ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ፣ ብሩሹን ነጭ ቀለም ውስጥ ነክራ፣ አየሯን ሳበች። በያጁ ፉጨቱን አቆመ። መሪው ሥር ጀመረች። ከኋላዋ ድምፅ ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ትሰማለች።

«ሹካውን ትንሽ ሞርደው» ይላል ጅራፍ። «ከባድ ነው። ይጎትተኛል።» ሹካ የሚለው የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ሁለት ብረቶች ነው።

«አልሞርድም። ከዚህ በኋላ ወረቀት ነው የሚሆነው። ቁልቁለት ላይ ይሸበለላል።»

«የምጋልበው እኔ ነኝ፣ አማች።»

«ትጋልበዋለህ። ሬሳህን የምንሸከመው ግን እኛ ነን፤ አንተ ደግሞ ከብስክሌትህ ትከብዳለህ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሳቁ እንደ ሳል ያመለጣቸው ነበር፤ ወዲያው አፋቸውን ያዙ። ግን አምልጧል።

የትንፋሽ ብሩሽ የላይኛው ብረት መሃል ላይ ነው። መጀመሪያ የሰማችው ንፋስ ነው፤ ሽው የሚል። ቀጥሎ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። እጇ ዘለለ። ብዙም አይደለም፤ ነጩ መስመር ሽቅብ ብቅ አለና ተመለሰ፣ ክር ላይ እንደተቋጠረ ቋጠሮ። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ለራሷም ማስረዳት አልቻለችም፤ ብሩሹን አላነሳችም። ጨረሰችው። ኮርቻው ጋ አጠፈችው፣ ወደ ጎማው አወረደችው፣ ከዚያ ነው ዞር ያለችው።

ባሏ ሲሚንቶው ላይ ነው። አገጩ ከቦታው የለም፤ ወደ ግራ ሄዷል፤ አፉ የሌላ ሰው አፍ ይመስላል። አንድ ጥርስ ከነሥሩ ከደሙ መሃል ነጭ ብሎ ይታያል። ጅራፍ ከሞርሳው አጠገብ ያነሳውን የተቆረጠ የብስክሌት ብረት እንደያዘ ነው። ሁሉም እያየው አንዴ ደገመው፤ የጎን አጥንቱ ላይ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

«ሳቁ እስቲ አሁን።»

የሳቀ የለም። ጅራፍ ብረቱን ጥሎ ወደ ብስክሌቱ መጣ፤ መስመሩን ከዳር ዳር አየው። ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ምን አደረግሽው ይሄን?»

እሷ ባሏን ደግፋ እያነሳች ነበር። የሚላጥበት ጊዜም አልነበረም፤ ነገ ውድድር ነው። ከሕጉ ያመለጠ አንድ ጅራፍ ይሄ ብቻ ነው።

ሐኪም ቤት ጅራፍ ራሱ ነው ያደረሳቸው። ሐኪሙ «ምን ሆኖ ነው?» ሲል በያጁ መናገር አይችልም፤ ትንፋሽ ደግሞ የወንድሟን መዳፍ ማጅራቷ ላይ ይሰማታል። አይጫንም፤ እዚያው ነው ያለው ብቻ። «ከመደርደሪያ ላይ ብረት ወድቆበት ነው» አለች። ሐኪሙ አንገቱን ነቅንቆ ተቀበለ። አገጩን በሽቦ አሰሩለት።

በማግስቱ ውድድሩን የሰሙት እዚያው አልጋው አጠገብ ነው፤ የጎን አልጋ ሕመምተኛ ሬዲዮ ነበረው። አስተላላፊው የጅራፍ ወዳጅ ነው፤ ድምፁ ተቆርጦ እስኪቀር ይጮኻል። ቁልቁለቱ ላይ ጅራፍና አንድ ረጅም ተፎካካሪ ጎን ለጎን መጡ። ረጅሙ ሊያልፍ ሲል ጅራፍ መንፊያውን ነቀለና እጁ ላይ ደጋገመበት። ረጅሙ በአፍጢሙ ተደፋ። የጅራፍ የኋላ ጎማ በወደቀው ሰው ጣቶች ላይ አለፈ። የጅራፍም ብስክሌት ከመንገድ ወጥቶ ድንጋይ ለድንጋይ ነጠረ፤ አፉ ከመሪው ጋር ተጋጨ፤ ግን አልወደቀም። ደም እየተፋ፣ በአንድ እጁ አረንጓዴውን ይዞ፣ ሁለተኛው እጁ አየር ላይ፣ መጀመሪያ ገባ። «ጅራፍ ጮኸ» እያለ አስተላላፊው ያለቅሳል። በያጁ በሽቦ የታሰረ አፉን ይዞ ጣራ ጣራውን እያየ አውራ ጣቱን አነሳ። ትንፋሽ ገባት። ሹካው ችሏል ማለቱ ነው። ቢሞረድ ኖሮ ጅራፍ እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀር ነበር።

ጅራፍ በሳምንቱ አረንጓዴውን አምጥቶ በራቸው ላይ አቆመው። «ያንቺ ነው» አለና ሄደ። እሷም ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በያጁ ዳነ፤ አገጩ ግን ጠመመ፣ ንግግሩም በአንድ በኩል የሚወጣ ሆነ። ፉጨት ቀረ። ከንፈሩን ሲሰበስብ አየሩ በጎን ያመልጣል፤ ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ተወው። ከዚያ ወዲያ እሷ ብሩሽ ስታነሳ የሚቋረጥ ነገር የለም፤ ዝምታው ከፊትም ከኋላም አንድ ነው። እሷን እንደ እሳት የሚፈጃት ግን ይሄ አይደለም፤ ውሸቱ ነው። ከአፏ የወጣችው ውሸት እግር አውጥታ መንደሩን ዞረች። ልቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ሰው አገጩን አይቶ ሲጠይቅ ጅራፍ ይቀድምና፣ «አማቼ ብረት ይስባል፤ ማግኔት ነው» ይላል። ሰው ይስቃል። በያጁ ሳህኑን ያያል። አንዴ ለብቻው አግኝታው፣ «ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ መታሁት በል። ለሱ ንገረው። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው። በቀኝ እጁ ጀርባ በጥፊ አላትና መንገዱን ቀጠለ። ጆሮዋ ሲጮኽ ሰነበተ።

ዓመታት ሄዱ። ጋራዡ ተዘጋ፣ ሠራተኞቹ ተበተኑ፣ የውድድሩ ዓለም ጅራፍን ረሳው። ጅራፍ አረጀ፤ ዳሌው ታሞ በከዘራ ይሄዳል፤ ከዘራውም ለመሄጃ ብቻ አይደለም። ከዚያ ደግሞ ሰዎች ያረጀ ብስክሌት መሰብሰብ ጀመሩ። ድሮ ዝናብ የመታው፣ ዶሮ የሰፈረበት ጅራፍ ሁሉ እየተፈለገ ወጣ። ጅራፍ ራሱ እንደገና ሰው መሆን አማረው። አንድ ቀን ወደ እህቱ ቤት መጣና እንደ ድሮው ሳያንኳኳ ገባ።

«አረንጓዴውን የሚያስቀምጥ ሰው አግኝቻለሁ» አላት። «ትልቅ አዳራሽ አለው። መሃል ላይ ከፍ አድርጎ፣ መብራት አብርቶበት፣ ከኋላው የኔን ፎቶ ይሰቅላል። ሕዝብ እየመጣ ያያል።»

«ብስክሌቱ የኔ ነው።»

«ያንቺ ነው ብዬ የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁ?»

ትንፋሽ ባሏን አየችው። በያጁ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ የሻይ ብርጭቆ ይዟል።

«ውሰደው» አለች። «ግን ከዚህ ግድግዳ ሳይወርድ በፊት ያደረግኸውን በአፍህ ትላለህ። እሱ ባለበት።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

ጅራፍ በከዘራው ወለሉን ቆረቆረው። «አንቺ ሴት አሁንም እዚያው ነሽ?» አለና ወጣ።

ባለ አዳራሹ ሰብሳቢ ግን መጣ። አርባውን ያለፈ፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ነጭ ጓንት የያዘ ሰው ነው፤ ክፉ አይመስልም። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ጫማዬን ላውልቅ?» ብሎ ነው የገባው። ጅራፍ ከኋላው ነው። ለማየት ብቻ ነው ብለው ብስክሌቱን አወረዱና እዚያው ግቢ ወዳለው አሮጌ ጋራዥ አወጡት፤ ብርሃን እዚያ ይሻላል። ሞርሳው እንደቆመ ነው፤ የቀለም ቆርቆሮዎቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ ምስማሩም ጎማዋም አሉ። ሰብሳቢው ተንበርክኮ ብረቱን፣ ኮርቻውን፣ ቸርኬውን እያየ «ኦ፣ ኦ» ይላል። በጓንቱ መስመሩን ተከትሎ ሄደ። መሃል ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?» አለ ጅራፍ።

«መስመሩ ይዘላል።»

«ዝንብ አርፎበት ነው።»

ሰብሳቢው ተነሳ። ጓንቱን ከአንድ እጁ አወለቀ። «ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ብዙ ጅራፍ አይቻለሁ፤ አንዱም አይዘልም። የእርስዎ ሕግ ነው እኮ፤ የተበላሸ ይላጣል። የውሸት ጅራፍ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ መስመሩ ላይ ነው የሚያዙት። ይሄን አዳራሹ መሃል ላስቀምጥ አልችልም። ይስቁብኛል።»

ሁለተኛውንም ጓንት አወለቀ። ጅራፍ ከዘራው ላይ ተደገፈ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲያሰላ ትንፋሽ አየችው። ከዚያ ጥርሱ ታየ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ። «የውሸት አይደለም። እሷ እያሰመረች ይሄን ሰውዬ መትቼው ነው።»

ትንፋሽ የተንጠለጠለ ነገር ከውስጧ ሲወድቅ ተሰማት። ስንት ዘመን የጠበቀችው ቃል ነው። ባሏን አየችው፤ እሱም ቀና ብሏል። ከዚያ ግን ጅራፍ ቀጠለ።

«እዚህ ጋ ቆሞ ነበር። ምላሱን አስረዘመብኝ። ከዚህ ብረት አነሳሁና እንዲህ» አለ፤ ከዘራውን አየር ላይ ወነጨፈው። «ቀጭ። አገጩ ሄደ። ሹካ አልሞርድም ሲል የነበረ ሰው እንደ ከረጢት ተቀመጠ። ና እስቲ አማች፣ አሳየው።»

በያጁ አልተንቀሳቀሰም። ጅራፍ ራሱ ሄዶ አገጩን በሁለት ጣቱ ያዘና እንደ በግ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «አየህ? እዚህ ጋ ነው ያረፈው። እጄን እየው፤ ያኔ እጅ ነበረኝ።» ሳቀ።

የሰብሳቢው ዓይን በራ። «ይሄማ ሌላ ነገር ነው» አለ። «ይሄ ታሪክ ነው፣ ጋሼ። ሻምፒዮኑ በውድድሩ ዋዜማ… ቆይ ቆይ። እባክዎ፣ አባባ፣ እዚህ ብስክሌቱ አጠገብ ይቁሙልኝ፤ ፊትዎን ወደዚህ፣ ጣትዎን ቋጠሮዋ ላይ። አንድ ፎቶ። ሻምፒዮኑ በዚያ በኩል። ከዘራውን ከፍ።»

ስልኩን አወጣ። ጅራፍ ከዘራውን ከፍ አደረገ። የሌላውን እጁን ጣት ከአማቹ አገጭ ላይ አላነሳም።

ትንፋሽ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ጓንት አልፈለገችም፤ ጊዜ የለም። የማላቀቂያውን ቆርቆሮ ክዳን በካቻቢቴ ፈነቀለችው፤ ያረጀ ቢሆንም ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ተመልሳ መጣችና ከመሪው ሥር ጀምራ አፈሰሰችው። መስመሩን ይዛ ሄደች፤ ቋጠሮው ላይ ሳትቆም አለፈች፤ ኮርቻው ጋ አጠፈች፤ ወደ ጎማው አወረደች። ቀለሙ ወዲያው ተኮማትሮ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተነሳ። በእጇ ጠረገችው። ከሥሩ ጥቁር ብረት ወጣ።

«አንቺ» አለ ጅራፍ።

ከዘራው የመጀመሪያው ትከሻዋ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጆሮ ግንዷ ላይ። ብስክሌቱን ይዛ ወደቀች፤ እሱም እላይዋ ቆሞ ሦስተኛውን አነሳ። «መብራቴን፣ መብራቴን አጠፋሽው» ይላል፤ ድምፁ የሰው አይመስልም። ሰብሳቢው «ኧረ ጋሼ፣ ኧረ በማርያም» እያለ ወደ በሩ ሸሸ፤ ስልኩ ወድቆበት ጥሎት ወጣ።

በያጁ ሲንቀሳቀስ ትንፋሽ አላየችውም፤ የሰማችው ነው። መጀመሪያ ንፋስ፤ ሽው የሚል። ቀጥሎ ያንኑ ድምፅ። ከዘራው ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ጅራፍ ቁጭ አለ፤ እንዳይዘረር ከኋላው የአባቱ ጎማ የተንጠለጠለበት ግድግዳ ያዘው። አፉን በሁለት እጁ ይዟል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል። በያጁ የብስክሌት ብረት ይዞ ቆሟል፤ ከሞርሳው ሥር የነበረ፣ ዝገት የበላው። ሊደግመው አነሳው። ክንዱ አየር ላይ ቆመ። ትንፋሽ ከወደቀችበት አየችው፤ ይደግመዋል ብላ ጠበቀች፤ እንዳይደግመው መለመን እንዳለባት አወቀች፤ አልለመነችም። በያጁ ብረቱን ሞርሳው ላይ በቀስታ አስቀመጠው፤ ሥራ እንደጨረሰ ሰው።

«ተነስ» አለ በጠማማ አፉ። «ሐኪም ቤት።»

በታክሲ ሄዱ። ጅራፍ መሃል፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ ነዳ። ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ወጣት ናት፤ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷን አጨማደደች።

«ምን ሆነው ነው አባባ?»

ጅራፍ አፉን እንደ ምንም ከፈተ። ዓይኑ ወደ እህቱ ነው። ልመና ነበረበት፤ ይሄን ዓይን አይታው አታውቅም። በአማቹ ተመትቼ ነው ከሚል ቢሞት ይሻለዋል።

«ብረት» አለ። «ብረት… ወደቀብኝ።»

ነርሷ ልትጽፍ ጎንበስ አለች።

«አልወደቀበትም» አለች ትንፋሽ። «ባሌ ነው የመታው። እኔ ቆሜ… እኔ ወድቄ አይቻለሁ። እንደሱ ብለሽ ጻፊ።»

ነርሷ ቀና አለች። ጠማማ አገጭ ያለውን ሰው አየችው።

«እኔ ነኝ» አለ በያጁ።

«እትዬ፣ እንዲህ ከሆነ ፖሊስ መጥራቴ ነው እኮ» አለች ነርሷ ቀስ ብላ፤ ቃሏን እንድትመልስ መንገድ የምትሰጣት ይመስላል።

«ጥሪ። ስትጨርሺ የዚህኛውንም አገጭ ማን እንደመታው ትጽፊያለሽ። ከብዙ ጊዜ በፊት ነው፤ ግን ጻፊው።»

ጅራፍ ከፎጣው ሥር የሆነ ነገር አጉረመረመ። ምን አተረፍሽ የሚል ነበር መሰል።

«ምንም» አለችው። «ተኛ፣ ጋሼ፤ ይስፉህ።»

ወስደውት በሩ ሲዘጋ ነው እጆቿ መቃጠላቸውን ያወቀችው። ማላቀቂያው መዳፏን ልጦታል፤ ቆዳው ልክ እንደ ቀለሙ ተነስቷል፤ ከጥፍሯ ሥር አረንጓዴና ነጭ ገብቷል። ነርሷ ሳህን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችላት፤ ከዚያ ስልክ ልትደውል ሄደች። በያጁ አጠገቧ ተቀመጠና እጆቿን ይዞ ውሃው ውስጥ አስገባቸው። አየር ስባ ያዘች።

«ተንፍሺ» አላት።

ፉ አለች። እጆቿን አልለቀቀም፤ ፖሊሱ እስኪመጣ ድረስ እንደዚያው ተቀመጡ።